ቀስቷ ስትሸሽ፦ የማውስ ፍጥነት የት የት ይወሰናል?

ቢሯችን ሒሳብ ክፍል ውስጥ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው እናት አሉ። አንድ ሰኞ ጠዋት ደወሉልኝ። «ልጄ፣ እስቲ ና ይችን ነገር እይልኝ፤ ኮምፒውተሬ ቫይረስ ሳይገባበት አልቀረም።» ስደርስ ማውሱን እስከ ጠረጴዛው ጠርዝ ይገፉታል፣ ያነሱታል፣ ወደ ኋላ ይመልሱታል፣ ደግሞ ይገፉታል። ሸሚዝ የሚተኩሱ ነው የሚመስሉት። የሻይ ብርጭቋቸው በክርናቸው ተገፍታ ጠርዝ ላይ ቆማለች፤ ቀስቷ ግን የስክሪኑን ግማሽ እንኳን አልተሻገረችም።

ነገሩ የጀመረው ዓርብ ከሰዓት ነው። ያን ዕለት ችግሩ የተገላቢጦሽ ነበር፦ ማውሱን ነካ ሲያደርጉት ቀስቷ ከዳር ዳር ትፈተለካለች፤ ኤክሴል ላይ አንዷን ሳጥን ለመያዝ ሦስት አራት ጊዜ አልፈዋት ይሄዳሉ። አጠገባቸው የሚቀመጠው ልጅ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ፍጥነቱን ወደ ግራ ጎተተላቸው፤ ከሥሯ ያለችውንም የ«ራይት» ምልክት አነሳት። ተገላገሉ። ቅዳሜና እሑድ ማንም ሳይነካው፣ ሰኞ ሲመጡ ማውሱ ደንዝዞ ጠበቃቸው።

ቫይረስ አልነበረም። ልጁም አላጠፋም። ችግሩ «የማውስ ፍጥነት» የምንለው ነገር አንድ ቦታ ላይ የሚወሰን መምሰሉ ነው። ሲጀመር ስሙ ራሱ ያሳስታል። እዚያ ሴቲንግ ውስጥ የሚስተካከለው ፍጥነት አይደለም። እጃችን ጠረጴዛ ላይ ይህን ያህል ቢሄድ ቀስቷ ስክሪን ላይ ምን ያህል ትሂድ የሚል ውል ነው። ውሉን ደግሞ ቢያንስ ሦስት ወገኖች ይፈርሙበታል፦ ማውሱ፣ ዊንዶውሱ እና ስክሪኑ። አንዱ ወገን ድምፁን ሳያሰማ ፊርማውን ሲቀይር፣ እኛ ሄደን የምንጣላው ከሌላው ጋር ነው።

ከማውሱ እንጀምር። ማውስ የት እንዳለ አያውቅም። ጠረጴዛው መሐል ይሁን ጠርዝ ላይ፣ አዲስ አበባ ይሁን ደሴ፣ ግድ አይሰጠውም። የሚያውቀው ስንት እንደተንቀሳቀሰ ብቻ ነው። ወደ ኮምፒውተሩ የሚልከውም «ወደ ቀኝ 5፣ ወደ ላይ 2» የሚል ቆጠራ ነው፤ ይህንንም ተራው የዩኤስቢ ማውስ በሴኮንድ 125 ጊዜ ያህል ይልካል። አንስታችሁ ሌላ ቦታ ብታስቀምጡት ቀስቷ ካለችበት የማትነቃነቀው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዳግላስ ኤንግልባርት እና ቢል ኢንግሊሽ ካሊፎርኒያ ውስጥ የሠሩት የመጀመሪያው ማውስ ከእንጨት የተጠረበ ሳጥን ነበር፤ ከሥሩ አንዱ ወደ ጎን፣ አንዱ ወደ ፊት የሚሽከረከሩ ሁለት ጎማዎች ነበሩት። የጎማዎቹ ሥራ መቁጠር ነበር። የዛሬው ማውስ ጎማዎቹን በትንሽ ካሜራ ተክቷቸዋል፤ ካሜራዋ የጠረጴዛውን ገጽ በሴኮንድ ከሺህ ጊዜ በላይ እያነሳች አንዱን ምስል ከቀጣዩ ታስተያያለች፣ ልዩነቱንም ትቆጥራለች። ሥራው ያው ቆጠራ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው በምን እየለካ ይቆጥራል የሚለው ነው። አቡጀዲ በክንድ የሚለካበት ገበያ ቢኬድ መጀመሪያ የሚጠየቀው «በማን ክንድ?» ነው። ክንደ አጭሩ ሻጭ አሥር ክንድ ያለውን ጨርቅ፣ ክንደ ረጅሙ ስምንት ይለዋል። ጨርቁ ግን ያው ነው። ዲፒአይ የሚባለው ቁጥር የማውሱ ክንድ ነው። 800 ዲፒአይ ማለት ማውሱ አንድ ኢንች ማለትም 2.54 ሴንቲ ሜትር ሲሄድ 800 ይቆጥራል ማለት ነው። ባለ 3200ው በዚያው ርቀት አራት እጥፍ ይቆጥራል። ዊንዶውስ ክንዱን አያይም፤ የሚሰማው ቁጥሩን ነው። ባለ 3200ው ማውስ ሲመጣ «ይኼ ሰውዬ ዛሬ ቸኩሏል» ብሎ ቀስቷን ያስፈተልካታል።

(ካርቶን ላይ በትልልቁ የሚጻፈው ዲፒአይ የጥራት ማዕረግ አይደለም። 12,000 የሚል የተጻፈበት ርካሽ ማውስ ባለ 1000ውን የቢሮ ማውስ አይበልጥም። እጃችሁ ሲንቀጠቀጥ እሱንም አብሮ ከመቁጠር በቀር።)

አሁን ወደ እናታችን ጠረጴዛ እንመለስ። ማውሳቸው፣ ገጽ ከምታንሸራትተው ጎማ ጀርባ አንዲት ትንሽ ቁልፍ አለችው። ብዙ ሰው ጌጥ ይመስለዋል። ዲፒአዩን የምትቀይረው እሷ ናት፤ በተጫኗት ቁጥር ከ800 ወደ 1600፣ ከዚያ ወደ 2400፣ ከዚያ ወደ 3200 ትወጣና አንድ ጊዜ ደግሞ ሲጫኗት ተመልሳ 800 ላይ ትወድቃለች። አንዳንዶቹ ማውሶች ላይ መብራቷ ቀለም ትቀይራለች፣ አንዳንዶቹ ላይ ምንም አይታይም። ስክሪን ላይ የሚመጣ መልእክት የለም፤ ዊንዶውስ ራሱ አልሰማምና። ዓርብ ከምሳ በኋላ ማውሳቸውን በጨርቅ ጠረግ ጠረግ አድርገውት ነበር፤ 3200 ላይ ደረሰ። ሰኞ ጠዋት ጽዳት የምትሠራው ልጅ ጠረጴዛውን ስትወለውል አንድ ጊዜ ተጫነችው፤ 800 ላይ ተመለሰ። በመሐል ደግሞ ጎረቤታቸው ለ3200ው የሚሆን ቅናሽ ዊንዶውሱ ላይ አድርጎ ሄዷል። ቅናሹ ሰኞም ሥራ ላይ ነበር።

ያ ቅናሽ ስንት ነበር? እዚህ ጋ ትንሽ ሒሳብ ልናደርግ ነው፤ ማስመሪያ ያለው ሰው ቢያቀርብ አይጠላም።

ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ያለው የድሮው የማውስ መስኮት ላይ፣ «ፖይንተር ኦፕሽንስ» በሚለው ገጽ፣ ፍጥነት የምትጎተትባት መስመር 11 እርከን አላት። መሐለኛዋ ስድስተኛዋ ናት። ከሥሯ ያለችው «ኢንሃንስ ፖይንተር ፕሪሲዥን» የምትባለው ምልክት ጠፍታ ከሆነ፣ ስድስተኛዋ እርከን ላይ ውሉ ንጹሕ ነው፦ ማውሱ 1 ሲቆጥር ቀስቷ 1 ፒክስል፣ ማለትም ስክሪኑ ከተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች አንዷን ትሄዳለች። ወደ ግራ ሲወረድ ቆጠራው በ0.75፣ በ0.5፣ በ0.25፣ በ0.0625 ይባዛል፤ መጨረሻ ላይ ያለችው በ32 ታካፍለዋለች። ወደ ቀኝ ሲወጣ 1.5፣ 2፣ 2.5፣ 3፣ እና 3.5 ነው። እርከኖቹ እኩል እንዳልሆኑ ልብ በሉ፤ ወደ ግራ አንድ እርምጃ ሲወረድ አንዳንዴ ከግማሽ በላይ ይቀነሳል። «ትንሽ ብቻ ነው የቀነስኩት» የሚሉ ሰዎች እውነታቸውን ነው፣ ግን ትንሽ አልቀነሱም። ዊንዶውስ 11 አዲሱ ሴቲንግ ላይ ያለችው መስመር ደግሞ ከ1 እስከ 20 ነው የምትሄደው፤ እሷ ላይ 10 ማለት የድሮዋ ስድስተኛ ናት።

አንድ ተራ ስክሪን ወደ ጎን 1920 ፒክስል ነው። ባለ 800 ማውስ ስድስተኛዋ እርከን ላይ ሆኖ ስክሪኑን ከዳር ዳር ለማቋረጥ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል መሄድ ይበቃዋል። የእጅ አንጓ ሳይነሳ የሚሠራ ርቀት ነው። ያው ማውስ የመጀመሪያዋ እርከን ላይ ቢሆንስ? 195 ሴንቲ ሜትር። ከጠረጴዛው ወርደን ኮሪደር ልንይዝ ነው። የመጨረሻዋ ላይ ቢሆን ደግሞ 1.7 ሴንቲ ሜትር፤ ከአውራ ጣት ስፋት አይበልጥም።

ሦስተኛዋ እርከን 0.25 ናት። ጎረቤታቸው ዓርብ ዕለት እየሞከረ የቆመው እሷ ላይ ነው፤ ባለማወቅ ልክ ገብቶለታል። 3200 በ0.25 ሲባዛ 800 ነው፤ የለመዱት መጠን። ሰኞ ማውሱ ራሱ 800 ላይ ሲወርድ ግን 800 በ0.25 ሆነና 200 ቀረ። ስክሪኑን ለመሻገር 24 ሴንቲ ሜትር። ከአንድ ኤ4 ወረቀት ወርድ ይበልጣል። ያ ሁሉ የሸሚዝ ተኩስ ከዚህ የመጣ ነው።

እንግዲያው ማንኛውም የማውስ ፍጥነት ችግር ሲገጥማችሁ መጀመሪያ የሚነካው ሴቲንግ አይደለም። ማውሱን ገልብጡትና ቁልፎቹን ቁጠሩ። ከግራ፣ ከቀኝና ከጎማዋ ሌላ ከላይ ወይም ከሆዱ ሥር ቁልፍ ካለው አንድ በአንድ እየተጫናችሁ ቀስቷን እዩ። ከዓርብ እስከ ሰኞ የሚያደክም ነገር ሁለት ሴኮንድ ይፈጅ ይሆናል። ቀስቷ እየሸሸች ሴቲንግ ውስጥ መግባት እንኳን ካቃታችሁ፣ የቁጥር ሰሌዳ ያለው ኪቦርድ ላይ የግራውን ኦልት፣ የግራውን ሺፍት እና ነም ሎክን አንድ ላይ ተጫኑ፤ የሚመጣውን ጥያቄ በኢንተር እሺ በሉት። ከዚያ ቀስቷን በ4፣ በ6፣ በ8 እና በ2 ታስኬዷታላችሁ፤ 5 ክሊክ ያደርጋል። ቀርፋፋ ነው፣ ግን ታዛዥ ነው።

ከእርከኖቹ የትኛው ይሻላል ብትሉኝ፣ ስድስተኛዋን ከመነካካት ይልቅ ማስተካከያውን ማውሱ ላይ ማድረግን እመርጣለሁ። ምክንያቱም ወደ ቀኝ በወጣችሁ ቁጥር ቀስቷ መራመድ ትታ መዝለል ትጀምራለች። 3.5 ላይ ማውሱ አንድ ሲቆጥር ቀስቷ አንዴ 3፣ አንዴ 4 ፒክስል ትዘላለች፤ በመሐል ያሉትን ፒክስሎች ልርገጥ ብትሉ አትችሉም። ጽሑፍ ለሚጽፍ ሰው ግድ የለውም። ፎቶሾፕ ላይ የሰው ፀጉር ዳር እየተከተለ ለሚቆርጥ ግን እጁ የተሳሳተ ይመስለዋል። ስለዚህ ማውሱ ቀረፈፈ ካላችሁና የዲፒአይ ቁልፍ ካለው፣ ከ800 ወደ 1600 አውጡትና ዊንዶውሱን ባለበት ተዉት። ወደ ግራ መቀነስ ያን ያህል ጉዳት የለውም።

ሦስተኛው ፈራሚ ስክሪኑ ነው፤ በእሱ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። ዊንዶውስ ቀስቷን የሚያስኬዳት በፒክስል እንጂ በሴንቲ ሜትር አይደለም። 1920 ፒክስል ወርድ የነበረውን ስክሪን በዚያው መጠን ባለ 3840 ስክሪን ብትተኩት፣ ፒክስሎቹ አንሰው በቁጥር በዝተዋል፤ 6 ሴንቲ ሜትር ይበቃ የነበረው 12 ይሆናል። «አዲስ ስክሪን ስሰካ ማውሴ ተበላሸ» የሚለው ስሞታ ከዚህ ነው የሚመጣው። ማውሱ ምንም አልሆነም፤ መንገዱ ነው የረዘመው።

አሁን ወደ ዋናዋ አታላይ እንምጣ። «ኢንሃንስ ፖይንተር ፕሪሲዥን» ብለው ስም ያወጡላት ሰዎች ምን አስበው እንደሆነ እንጃ፤ «የቀስቷን ጥራት ጨምር» እንደማለት ነው፣ እንዲህ ተብሎ ማን እምቢ ይላል? እውነተኛ ስሟ ፍጥነት መጨመሪያ ነው። ውሉን ከቋሚ ዋጋ ወደ ተለዋዋጭ ትቀይረዋለች። እጃችሁ ቀስ ሲል ቀስቷ ከተለመደው ያነሰ ትሄዳለች፤ እጃችሁ ሲፈጥን ያው ርቀት ይበልጥ ያስኬዳታል። ሲሮጥ ሁለት ሁለት የሚቆጥር፣ ሲያዘግም ግማሽ ግማሽ የሚቆጥር የታክሲ ቆጣሪ አስቡ። ከቦሌ ፒያሳ ሁልጊዜ ያው መንገድ ነው፣ ሒሳቡ ግን እንደ ሾፌሩ ስሜት ነው። ዊንዶውስ ስትገዙት በርታ ነው የምትመጣው።

ክፋት አልነበረም። ድሮ ማውሶቹ ከሥራቸው ኳስ የነበራቸው ጊዜ፣ የሚቆጥሩት በጣም ጥቂት ነበር። ከዳር ዳር ለመሻገር የሚበቃ ፍጥነት ብትሰጧቸው ትንሿን ቁልፍ መያዝ አይቻልም፤ ለትንሿ ቁልፍ የሚሆን ዝግታ ብትሰጧቸው ጠረጴዛ አይበቃም። መላው «ሰው ሲሮጥ ሩቅ ሊሄድ ነው፣ ሲያዘግም ሊያነጣጥር ነው» የሚል ግምት ሆነ። የቀድሞዎቹ ዊንዶውሶች ይህን በጭካኔ ነበር የሚሠሩት፦ ማውሱ በአንድ ጊዜ ከ6 በላይ ቆጥሮ ከላከ እጥፍ፣ ከፍ ያለው ምርጫ ከተያዘ ደግሞ ከ10 በላይ ሲሆን አራት እጥፍ። ቀስቷ በድንገት ትወረወር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ደረጃውን አስተካክሎ ዳገት አደረገው፤ ቀስ እያለ የሚጨምር መስመር ማለት ነው። ዛሬም ያለው ያው ነው።

በርታ እንደሆነች ለማወቅ ሴቲንግ ከመክፈት የሚያስደስት መንገድ አለ። ሁለት ወፍራም መጻሕፍት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ማውሱን መሐላቸው አግቡት፤ ወደ ግራና ቀኝ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ እንዲላወስ አድርጋችሁ አጥብቡት። ማውሱን የግራውን መጽሐፍ አስነክታችሁ፣ ቀስቷ ስክሪኑ መሐል ላይ ባለች አንዲት ፊደል ላይ እንድታርፍ አድርጉ (ፋይሉን ማንሸራተት ይቻላል፣ ማውሱን ግን አትነቅንቁ)። አሁን ማውሱን በጣም ቀስ አድርጋችሁ፣ እንደ ቀንድ አውጣ፣ ቀኙን መጽሐፍ እስኪነካ ውሰዱት። ከዚያ በአንድ ጊዜ በፍጥነት ወደ ግራው መልሱት። ማውሱ የተነሳበት ቦታ ተመልሷል። ቀስቷ ያቺ ፊደል ላይ ከተመለሰች ፍጥነት መጨመሪያው ጠፍቷል። ፊደሏን አልፋ ወደ ግራ ርቃ ከቆመች በርቷል። ይህን ያሳየሁት አንድ ዲዛይነር ወዳጄ አፉን ይዞ ቀረ፤ ለዓመታት እጁ የከዳው መስሎት ነበር።

ይጥፋ ወይስ ይቆይ? እኔ አጥፍቼዋለሁ። ሥዕል ለሚሥል፣ ካርታና የሕንፃ ንድፍ ለሚሠራ፣ ወይም ለሚጫወት ሰው መጥፋቱ ይሻላል፤ እጅ ርቀትን በቃሉ መያዝ የሚችለው ዋጋው ቋሚ ሲሆን ነው። ጠረጴዛው ጠባብ ለሆነበት፣ ማውሱ አሮጌ ለሆነበት፣ ለዓመታትም በዚህ ለለመደ ሰው ግን አጥፉት ብዬ አላስቸግርም። እንዲያውም ሳላማክር አጥፍቼባቸው የተቆጡኝ አሉ። ብታጠፉት መጀመሪያ ላይ እጃችሁ ይጠፋዋል፦ ሩቅ ስትሄዱ ቀስቷ ሳትደርስ ትቀራለች፣ ቅርብ ስትሄዱ ታልፋላችሁ። ያን ጊዜ ተናዳችሁ እርከኑን አትነካኩ። የተወሰኑ ቀናት ስጡት።

ጨዋታ ላይ ስላሉ ልጆች አንድ ነገር። «ሴቲንግ ላይ ቀየርኩት፣ ጨዋታው ውስጥ ግን ምንም አልተለወጠም» ይላሉ። ብዙ ጨዋታዎች የማውሱን ቆጠራ ዊንዶውስ ሳያባዛው በቀጥታ ነው የሚወስዱት። ጨዋታው የራሱ የፍጥነት ማስተካከያ አለው፤ እሱን ወይም የማውሱን ዲፒአይ መቀየር ነው።

ስለ ሴቲንጉ መስኮት ከተነሳ፣ ሰው ተሳስቶ የሚጎትተው ሌላ መስመር አለ። የድሮው የማውስ መስኮት ሲከፈት መጀመሪያ የሚመጣው ገጽ ላይ አንዲት ፎልደር አጠገቧ «ስፒድ» የምትል መስመር ትታያለች። እሷ የደብል ክሊክ ፍጥነት ናት፦ ሁለቱ ክሊኮች በምን ያህል ጊዜ ውስጥ ቢከታተሉ እንደ አንድ ይቆጠሩ የምትል። አጎቴ ቀስቷ ፈጠነችብኝ ብለው ይቺን ወደ ቀኝ ጥግ ወስደዋት ነበር። ቀስቷ እንደፈጠነች ቀረች፤ በላዩ ደግሞ ፎልደር መክፈት አቃታቸው፣ ጣታቸው በዚያ ፍጥነት ሁለት ጊዜ አይጫንማ። «ጋሼ፣ ምን ነካችሁ?» ብላቸው «ምንም!» አሉ፤ እውነትም የሆነ ነገር የነኩ አልመሰላቸውም። በፖይንተር ኦፕሽንስ ገጽ ላይ ደግሞ «ስናፕ ቱ» የምትባል አለች። እሷ ከበራች አዲስ ጥያቄ መስኮት ሲመጣ ቀስቷ በራሷ ዘላ «ኦኬ» ላይ ትቀመጣለች። ይህንንም ሰው ቫይረስ ይለዋል፤ አልፈርድበትም፣ ሰው ሳይነካት የምትሄድ ቀስት ታስፈራለች።

ያስተካከሉት እየተመለሰ ሲያስቸግርስ? ዊንዶውስ እነዚህን ምርጫዎች የሚይዘው በተጠቃሚው አካውንት ስም ነው እንጂ በማውሱ አይደለም። በሌላ አካውንት ከገባችሁ የሌላ ሰው ምርጫ ይጠብቃችኋል። ሁለት ማውስ ብትሰኩም አንዷ መስመር ሁለቱንም ነው የምትገዛቸው፤ ቤት ያለው ባለ 1600፣ ቢሮ ያለው ባለ 800 ከሆነ፣ ላፕቶፑን ይዛችሁ በወጣችሁ ቁጥር ተጣላችሁ ማለት ነው። መፍትሔው ሁለቱንም ዲፒአይ አንድ ማድረግ ነው። ማውሱ የራሱ ፕሮግራም ተጭኖለት ከሆነ ደግሞ ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ፕሮግራሙ የራሱን ቁጥር ይጽፍበታል፤ ስለዚህ እዚያው ፕሮግራም ውስጥ ገብቶ ማስተካከል ነው። ኢንተርኔት ቤት ከሆናችሁ ግን አትድከሙ፤ ብዙዎቹ ማሽኖች ሲጠፉና ሲበሩ ሁሉን ወደ ነበረበት የሚመልስ ፕሮግራም አለባቸው።

እስካሁን ያወራሁት ሁሉ እውነተኛ የፍጥነት ችግር ነው፤ ምልክቱም ጠዋትም ማታም አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ቀስቷ አንዴ ደህና፣ አንዴ የምትንጠባጠብ፣ አንዴ ቆማ በኋላ ዘላ የምትደርስ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ የፍጥነት መስመሩን መጎተት ራስ ለሚያመው ሰው ጫማ እንደመቀየር ነው። መጀመሪያ ጠረጴዛውን እዩ። መስታወት ወይም አንጸባራቂ ፎርማይካ ከሆነ የማውሱ ካሜራ የሚያስተያየው ነገር ያጣል። አንድ ነጭ ወረቀት ከሥሩ አስገቡና ሞክሩ፤ ከተስተካከለ ማውስ ፓድ ግዙ። ገልብጣችሁም ቀዳዳዋን እዩ፣ አንዲት የሰው ፀጉር ወይም የሹራብ ክር ገብታባት ከሆነ ቀስቷ ያለ ምክንያት ትንቀጠቀጣለች።

ገመድ አልባ ከሆነ ባትሪው መድከሙ ይገመታል፤ ያልተጠበቀው ግን የመቀበያዋ ቦታ ነው። ያቺ ጥፍር የምታህል መቀበያ የምትሠራው በ2.4 ጊጋሄርትዝ ሞገድ ነው። ዩኤስቢ 3 ላይ የተሰካ ሐርድ ዲስክ ሥራ ላይ ሲሆን ከኬብሉና ከሶኬቱ የሚወጣው ጫጫታ ከዚሁ ሞገድ ጋር ይደራረባል፤ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጽሑፍ ይህን ለክቶ አሳይቶታል። ፋይል ሲገለበጥ ብቻ ማውሳችሁ የሚንጠባጠብ ከሆነ ይኸው ነው። መቀበያዋን ከሐርድ ዲስኩ አርቃችሁ ከፊት ለፊት ስኳት፤ ካስፈለገ በግማሽ ሜትር የዩኤስቢ ማራዘሚያ ወደ ማውሱ አቅርቧት። ዴስክቶፑ ጠረጴዛ ሥር ሆኖ መቀበያዋ ከጀርባው ከተሰካች፣ በብረት ሳጥን ውስጥ ሆና እንደምትጮህ ሰው ናት።

ሊነክስ የምትጠቀሙ ትንሽ ይለያችኋል። ዛሬ ብዙዎቹ ማውሱን የሚያስተዳድሩት ሊብኢንፑት በሚባለው ክፍል ነው። የእሱ ፍጥነት ከ-1 እስከ 1 ነው፤ 0 መሐሉ ነው። ፍጥነት መጨመሪያውም ሁለት ዓይነት ነው፦ «አዳፕቲቭ» የሚለዋወጠው፣ «ፍላት» ቋሚው። ጂኖም የተባለው ዴስክቶፕ ያላቸው አዳዲሶቹ ኡቡንቱዎች ላይ ማውስ ገጽ ውስጥ በአንዲት ቁልፍ ይጠፋል። ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው አሮጌ ምክር ግን «ኤክስሴት» የሚል ትእዛዝ ጻፉ ይላል፤ ትእዛዙ ምንም ስህተት ሳያሳይ ያልፋል፣ ማውሱም ምንም አይለወጥም። ሊብኢንፑት ያንን ቁጥር አይሰማም። ብዙ ሰው ሌሊቱን ያነጋው በዚህ ነው። ማክ ላይ እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው ቬንቹራ ጀምሮ ሲስተም ሴቲንግስ ውስጥ፣ ማውስ፣ ከዚያ አድቫንስድ የሚለው ጋ ፍጥነት መጨመሪያውን ማጥፊያ አለ።

እናታችንን ምን አደረግንላቸው? መጀመሪያ መስመሯን ወደ ስድስተኛዋ መለስኩላቸው። ከዚያ ትንሿን ቁልፍ እየተጫንኩ አሳየኋቸው፤ 800፣ 1600፣ 2400፣ 3200፣ እንደገና 800። «እንዴ! ይቺ ናት እንዴ?» ብለው ራሳቸው አራት አምስት ጊዜ ተጫኗት፣ ቀስቷ ስትፈጥንና ስትዘገይ እያዩ ሳቁ። 800 ላይ አቆምናት። የ«ራይት» ምልክቷን ልመልሳት ወይስ ትቅር ብዬ ስጠይቃቸው «የለመድኩትን መልስልኝ» አሉ፤ መለስኩላቸው። በማግስቱ ሳልፍ ማውሳቸው ጀርባ ላይ፣ ያቺ ቁልፍ ካለችበት፣ የቁስል ፕላስተር ተለጥፎበት አየሁ።